የሞንስሊ ጥያቄ
«የወደፊቱ ልጅ ኮናን» ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ለልጆች የሚሠራ የሥዕል ፊልም በሂስ ዐውድ ሲነሣ እምብዛም አይታይም። ልቦለድ ይመረመራል፤ ተውኔት ይመዘናል፤ የዘፈን ግጥም እንኳ ይተቻል። ልጆች ዐይናቸውን ተክለው ለሰዓታት የሚመለከቱት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን «የልጆች ነገር» ተብሎ ይታለፋል። ይሁንና አንድ ትውልድ ጀግና ማን እንደሆነ፣ ጠላት ማን እንደሆነ፣ ጦርነትም ምን እንደሚመስል የመጀመሪያ ግንዛቤውን የሚቀስመው በአመዛኙ ከዚሁ ከተናቀው ሥፍራ ነው። ስለዚህም ግማሽ ምእተ ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን፣ ታድሶም ለቤት ውስጥ መመልከቻ የቀረበውን አንድ የጃፓን ተከታታይ የሥዕል ፊልም እንደገና አይቶ መመዘን ጊዜ ማባከን አይሆንም። ሥራው «የወደፊቱ ልጅ ኮናን» ይባላል።

ፊልሙ ከጦርነት ተርፈው ስለሚያድጉ ልጆች የሚናገር ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ልጆቹ ጦርነት ካዩበት አገር ሆኖ መመዘን ከሩቅ ሆኖ ከመመዘን ይለያል። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጦርነት ከመንግሥት እጅ ወጥተው ኅዳር 27 ቀን መመለሳቸው ታወጀ። በእነዚያ ሳምንታት ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ፋብሪካና የእህል መጋዘን መዘረፉ በሰፊው ተዘግቧል። በአጋጣሚም «ኮናን» ተጠግኖና ምስሉ ጠርቶ በሰሜን አሜሪካ ለቤት ውስጥ መመልከቻ የቀረበው በዚያው እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ነበር። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው የዘመን መግጠም ብቻ ነው። ሆኖም በዚያ ዓመት ወሎ ውስጥ ስምንት ወይም ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ፊልም ሲያይ የሚያነሣው ጥያቄ ቶኪዮ ወይም ኒው ዮርክ ያለው እኩያው ከሚያነሣው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

ታሪኩና አመጣጡ

ሃያ ስድስት ክፍሎች ያሉት ይህ ሥራ ኤን ኤች ኬ በተባለው የጃፓን ሕዝባዊ የቴሌቪዥን ድርጅት ከመጋቢት 1970 እስከ ጥቅምት 1971 ዓ.ም. ታየ። መነሻው አሜሪካዊው አሌክሳንደር ኬይ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ልቦለድ ነው። አዘጋጁ ሐያዎ ሚያዛኪ ሲሆን፣ ኋላ በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው ይህ ከያኒ አንድን ተከታታይ ሥራ በኃላፊነት ሲመራ የመጀመሪያው ነበር። የሥዕሉን ሥራ የመሩት ያሱኦ ኦትሱካ ነበሩ፤ ኢሳኦ ታካሃታም በአንዳንዶቹ ክፍሎች ዝግጅት ተካፍለዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ዓለም ከጠፋች በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ከኑክሌር መሣሪያ የከፋ የመግነጢስ ኃይል ያለው መሣሪያ ተተኩሶ ከምድር ሕዝብ የሚበዛው ያልቃል፤ አህጉሮች ተሰነጣጥቀው ባሕር ይውጣቸዋል። ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሰላ ሐምሌ 2000 ላይ ይውላል፤ የአገራችን ሕዝብ አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበለበት ዓመት መሆኑ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ አንድ ሽማግሌና ኮናን የሚባል ልጅ ብቻ ይኖራሉ። ሽማግሌው ምድርን ጥለው በሮኬት ሊያመልጡ ሞክረው ከወደቁት ሰዎች የተረፉ ናቸው። ኮናን ዐሣ ሊያድን ሲወጣ ላና የምትባል ልጅ ባሕር ዳር ወድቃ ያገኛል። ልጅቱ ኢንዱስትሪያ ከተባለው የፋብሪካ ከተማ ሰዎች ያመለጠች ናት፤ የፀሐይን ኃይል ወደ ጉልበት የመለወጥ ምሥጢር የያዙት የዶክተር ላኦ የልጅ ልጅ በመሆኗ ትፈለጋለች። ወታደሮች ደርሰው ይወስዷታል፤ ሽማግሌውም ይሞታሉ። ኮናን ታንኳ ሠርቶ ፍለጋ ይነሣል። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የማምለጥ፣ የመያዝ፣ የመታገልና የመገንባት ታሪክ ነው።

ጉልበትና ሥራ

በኢትዮጵያ ከተሞች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተስፋፉት የቪዲዮ ቤቶች ያደገ ሰው የድርጊት ፊልም ሲባል የሚመጣበት ምስል የታወቀ ነው። አንዱ በእግሩ ዐሥር ሰው ይጥላል፤ ሌላው በአንድ መትረየስ አንድ ጦር ይፈጃል። የካራቴውና የጦርነቱ ፊልም ጀግና አይራብም፤ አያርስም፤ ጥይት አይቆጥርም። በአጭሩ ሥራ የለውም። ተመልካቹም ከሣንቲሙ ጋር ለሁለት ሰዓት ያህል የዕለት ኑሮውን በር ላይ ትቶ ይገባ ነበር።

«ኮናን» የድርጊት ፊልም ሆኖ ሳለ ከዚህ ልማድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የልጁ ጉልበት ከሰው በላይ መሆኑ አይካድም፤ በእግር ጣቶቹ የአውሮፕላን ክንፍ ይዞ ይንጠለጠላል፤ ከረጅም ሕንፃ ላናን ታቅፎ ዘሎ በእግሩ ያርፋል። ነገር ግን ጉልበቱ የበቀለው ከሥራ ነው። ተመልካቹ ኮናንን መጀመሪያ የሚያየው ባሕር ውስጥ ጦር ይዞ ሻርክ ሲያሳድድ ነው፤ ይህም ለእራት ነው። ጓደኛው ጂምሲ እንቁራሪትና እንሽላሊት ይዞ የሚበላ የዱር ልጅ ሲሆን፣ ሁለቱ በተገናኙበት ሰዓት የሚፎካከሩት በአደንና በጉልበት ነው። ሃይ ሐርበር ወደተባለችው የገበሬ መንደር ሲደርሱ ደግሞ ጀግንነታቸው እንግድነታቸውን አያራዝምላቸውም፤ ሥራ ይሰጣቸዋል። ጂምሲ ዐሣማ ጠባቂ ይሆናል። እንጀራው በእጁ ሥራ የሚመጣ መሆኑን ሲረዳ የልጁ ጠባይ ቀስ በቀስ የሚለወጥበት መንገድ በፊልሙ ውስጥ እጅግ ከተዋጣላቸው ክፍሎች አንዱ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ሚያዛኪና ታካሃታ ቶኤይ በተባለው የሥዕል ፊልም ድርጅት ውስጥ ተቀጣሪዎች በነበሩበት ጊዜ በሠራተኛ ማኅበሩ ውስጥ ግንባር ቀደም ተሳታፊዎች ነበሩ። የሥዕል ፊልም ደግሞ ከኪነ ጥበብ ዘርፎች ሁሉ ለፋብሪካ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ነው። የፊልም መሣሪያ በአንድ ሰኮንድ ሃያ አራት ምስል ያሳልፋል፤ ለሳምንታዊ የቴሌቪዥን ፊልም ይህን ሁሉ መሣል ስለማይቻል የጃፓን ባለሙያዎች በሰኮንድ እስከ ስምንት ሥዕል ወርደው መሥራትን ተማሩ። ኦሳሙ ቴዙካ በ1955 ዓ.ም. ባቀረበው የብረት ልጅ ተከታታይ ፊልም የተጀመረው ይህ ቁጠባ ዘርፉን ሲያስፋፋ፣ የሠዓሊውን ደመወዝም ዝቅ አድርጎ አስቀርቷል። «ኮናን» በዚሁ ጥበት ውስጥ የተሠራ ነው። ሆኖም ቁጠባው የት ላይ እንደሚደረግና የት ላይ እንደማይደረግ የሚያውቅ እጅ ሠርቶታል። ሰው ቆሞ ሲናገር ሥዕሉ ይቆጠባል፤ ሰው ሲቀዝፍ፣ ድንጋይ ሲያነሣ፣ ሲበላ ግን ሥዕሉ አይሰስትም። ክብደት ያለው ነገር ሲነሣ ጉልበት ይርዳል፤ ወገብ ይጎብጣል። ሥራን ከውስጡ የሚያውቅ ሰው የሣለው መሆኑን ተመልካቹ በዐይኑ ይመሰክራል።

የሞንስሊ ጥያቄ

የፊልሙ ልብ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ላናን ሊወስዱ በመጡት ወታደሮች ላይ አዛዥ የሆነችው ሞንስሊ የምትባል ወጣት ሴት ናት። የኮናን አያት ሰው የጠፋው በእንዲህ ያለ የጠመንጃ ሥራ መሆኑን ጠቅሰው ሊገሥጿት ሲሞክሩ የምትመልሰው መልስ ለልጆች በተሠራ ፊልም ውስጥ ይገኛል ተብሎ የማይጠበቅ ነው። ጦርነቱን ያመጣችሁት እናንተ በዚያን ጊዜ ዐዋቂዎች የነበራችሁ ናችሁ፤ እኛ ሕፃናት ነበርን፤ ባወረሳችሁን ፍርስራሽ ውስጥ የተረፍነው እንደ ምንም ነው፤ እኛን ለመገሠጽ ምን መብት አላችሁ? የሚል ነው የመልሷ ፍሬ ነገር። ሽማግሌው የሚመልሱት ይጠፋቸዋል።

ከዚህች ደቂቃ በኋላ ሞንስሊን ተራ ጨካኝ አድርጎ ማየት አይቻልም። የምታገለግለው ሥርዓት ሰውን በደረጃ ከፋፍሎ የሚገዛ፣ የሚበዛውን ሕዝብ ከምድር በታች ያጎረ፣ ያመፀውን ግንባሩ ላይ ምልክት የሚያትምበት ነው። እርሷም ትእዛዙን የምትፈጽም እጅ ናት። ነገር ግን እጇ እንዴት እንደደነደነ ፊልሙ አስቀድሞ አስታውቋል። ብዙ ክፍሎች ካለፉ በኋላ ሃይ ሐርበር ውስጥ አንድ ውሻ ሲቀርባት የሕፃንነቷ ውሻ፣ ሣሩ፣ ከዚያም ሁሉን የዋጠው ማዕበል ትዝ ይላታል። የሞንስሊ መለወጥ የሚጀምረው በስብከት ሳይሆን በዚህ ትዝታ ነው። ኋላ ለበላይዋ ለሌፕካ አልታዘዝም ብላ ሞት ሲፈረድባት ተመልካቹ ድንገተኛ ነገር አይሆንበትም፤ መንገዱ አንድ በአንድ ተጠርጓል።

አዘጋጁ ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣው ከሕይወቱ መገመት ይቻላል። ሚያዛኪ በ1933 ዓ.ም. የተወለደ ሲሆን፣ የቤተሰቡ ድርጅት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጦር አውሮፕላን የሚሆን ዕቃ ይሠራ ነበር። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የኡትሱኖሚያ ከተማ በአውሮፕላን ተደብድባ ስትቃጠል ከቤተሰቡ ጋር የሸሸው የአራት ዓመት ሕፃን እርሱ ነበር። በጦርነት የተጠቀመ ቤትና በጦርነት የተቃጠለ ከተማ በአንድ ልጅ ትዝታ ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል። በፊልሙ መጨረሻ ሌፕካ የሚያስነሣው ጊጋንቶ የተባለው ግዙፍ የጦር አውሮፕላን በልዩ አድናቆትና በልዩ ጥላቻ የተሣለው ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

ደሴ ይህን ምስል ከማንም ሳትዋስ ታውቀዋለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩባት ደሴ ላይ ቦምብ ጥለዋል። በሰማንያ ስድስት ዓመት ልዩነት፣ በዚያው በኅዳር ወር፣ የከተማዋ ልጆች ሌላ ጦርነት አይተው ወጡ። የመጀመሪያዎቹ ጠላት ባሕር አቋርጦ የመጣ ነበርና ለልጆቻቸው የሚተርኩት ታሪክ ቀና ነበር። የኋለኞቹ ግን ያዩት በአንድ አገር ልጆች መካከል የተደረገ ጦርነት ነው። ለእነርሱ የሞንስሊ ጥያቄ የፊልም ቃል ሆኖ አይቀርም። ይህን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ለእኛ የምትመልሱልን ምንድን ነው? ብለው ቢጠይቁ፣ በፊልሙ ውስጥ እንዳሉት ሽማግሌ ዝም ማለት የሚበቃ መልስ አይደለም።

ኢንዱስትሪያና ሃይ ሐርበር

የሥራውን ብርታት ያየ ሐያሲ ድካሙንም ማሳየት ግዴታው ነው። «ኮናን» ዓለምን በሁለት ይከፍላል። በአንድ ወገን ኢንዱስትሪያ አለች፤ ብረት፣ ኮንክሪት፣ ማማ፣ ጨለማ፣ ከድሮው ዓለም የተረፈ የፕላስቲክ ውዳቂ እያስለቀመች የምትኖር ከተማ። በሌላ ወገን ሃይ ሐርበር አለች፤ ስንዴ፣ ነፋስ፣ ገበያ፣ ዳቦ። አንዷ ክፋት፣ ሌላዋ ደግነት ናት። ታሪኩ ሲፈጸም ኢንዱስትሪያ በምድር መናወጥ ባሕር ውስጥ ትሰጥማለች፤ ዶክተር ላኦም አብረዋት ይቀራሉ፤ የተረፉት አዲስ ምድር ፍለጋ ይወጣሉ።

ከደሴ ሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው ይህን ክፍፍል እንዳለ ሊቀበለው ይከብደዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ላይኛዋ ከጦሳ ተራራ ሥር የትምህርት፣ የንግድና የአስተዳደር ከተማ ሆና ኖራለች፤ ታችኛዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ያሏት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ናት። የቦርከና ወንዝ ከላይኛዋ ወርዶ በታችኛዋ በኩል ያልፋል። ኮምቦልቻ የሚሠራው ሰው ቤተሰቡ ከገጠር ነው፤ በዓመት በዓል የሚሄደው ወደ እርሻ መንደር ነው። በዚህ አገር መንደርና ፋብሪካ የአንድ ቤተሰብ ሁለት እጆች ናቸው።

ደግሞም ሃይ ሐርበር ድርቅ አታውቅም። ወሎ ግን በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ያየችውን ታውቃለች። ዝናብ ሲቀር ለም መሬትና ደግ ጎረቤት ብቻቸውን ልጅ አያሳድጉም፤ መንገድ፣ ጎተራ፣ መድኃኒት፣ የጭነት መኪናና እውነቱን በጊዜው የሚናገር መንግሥት ያስፈልጋል። ስንዴው ሁልጊዜ የሚያዘረዝርበት መንደር ለቶኪዮ ልጅ የዕረፍት ሕልም ሊሆን ይችላል። ለወሎ ገበሬ ልጅ ግን ግማሹ ተረት ነው።

ሌላው ድካም ችግሮች የሚፈቱበት መንገድ ነው። የኢንዱስትሪያ ወታደሮች ሃይ ሐርበርን በያዙ ጊዜ ታላቅ ማዕበል መጥቶ የጦር ጀልባውን ያሰናክላል፤ የከተማዋን ጥፋትም ምድር ራሷ ትፈጽመዋለች። ከምድር በታች የነበሩት ሰዎች ማመፃቸው በብርቱ የተሣለ ቢሆንም፣ ካመፁ በኋላ ፋብሪካውን ማን ይይዘዋል? እንዴት ያስተዳድረዋል? የሚለው ከባድ ጥያቄ ከከተማዋ ጋር አብሮ ይሰጥማል። በተጨባጩ ዓለም ፋብሪካ አይሰጥምም። በ2014 ዓ.ም. የተዘረፉት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ባሉበት ቆመው ቆዩ፤ መልሶ ያስነሣቸውም የጎደለውን የቆጠረ፣ የተሰበረውን የጠገነና የተቆረጠውን ሽቦ የቀጠለ ሠራተኛ ነው። ይህን የሚመስል ትዕይንት በሃያ ስድስቱ ክፍሎች ውስጥ ጎልቶ አይታይም። ፍርስራሽን ትቶ መሄድ ለፊልም ይቀላል፤ ሰው ግን የሚኖረው ባለበት ነው።

ሌፕካም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፉ ብቻ ነው። ለሞንስሊ የተሰጠው ያለፈ ታሪክ ለእርሱ አልተሰጠውም። ላናም ብርቱ ሆና ሳለች ደጋግማ የምትያዝና የምትዳን ሆና ትቀርባለች። ይህን ሚዛን የሚያስተካክል አንድ ትዕይንት ግን አለ። ኮናን በብረት ታስሮ ከባሕር በታች ሲቀር ላና እየወጣች አየር ስባ፣ ጠልቃ በአፏ ታቀብለዋለች። በዚያ ሰዓት ጀግናው የሚኖረው በእርሷ ትንፋሽ ነው።

ለመምህሩና ለከያኒው

እነዚህ ድካሞች ፊልሙን ወደ ጎን ለማድረግ የሚያበቁ አይደሉም። እንዲያውም በክፍል ውስጥ ለውይይት የሚመቸው በእነርሱ ምክንያት ነው። ዛሬ የውጭ ፊልም በፍላሽና በስልክ ወደየቤቱ ይገባል፤ ልጁም ለብቻው ያየዋል። የቪዲዮ ቤቱ ዘመን ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ ሰው አብሮ ያይና ሲወጣ ይከራከር ነበር። መምህሩ ይህን አብሮ የማየት ልማድ በተሻለ ይዘት መመለስ ይችላል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አንድ ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ክፍል እያሳየ፣ ሃይ ሐርበር ድርቅ ቢመታት ምን ታደርግ ነበር? ኢንዱስትሪያ ባትሰጥም ኖሮ ማን ይጠግናት ነበር? ብሎ ቢያስጽፍ ከልጆቹ የሚያገኘው መልስ ለዐዋቂውም ትምህርት ይሆናል።

የቋንቋው ጉዳይ ሊዘነጋ አይገባም። ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረቡ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ የቱንም ያህል ቢሆን፣ በአማርኛ ተዋንያን ድምፅ የውጭ ሥራን ማቅረብ እንደሚቻል ተረጋግጧል። ዐቅሙ ካለ ደግሞ መልካሙን የልጆች ሥራ መርጦ ወደዚህ መንገድ ማስገባት የባለሙያው ፋንታ ነው። የሞንስሊ መልስ በትክክለኛ አማርኛ፣ በበሰለች ተዋናይት ድምፅ ቢሰማ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን የራስ ሥራ ያስፈልጋል። መሠረቱም የለም አይባልም። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የቀረበው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በአንዲት ቀጭኔ አሻንጉሊት የአገራችንን ሕፃናት በራሳቸው ቋንቋ አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ሽልማት አግኝቷል። ሽልማቱን የሚያዘጋጀው «ኮናን»ን ለዓለም ያቀረበው ያው ኤን ኤች ኬ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሠዓሊና የጃፓን ሠዓሊ በአንድ ሚዛን ላይ ቀርበው ያውቃሉ ማለት ነው።

የቀረው በዕድሜ ከፍ ላሉት ልጆች የሚሆን፣ ያዩትን ነገር የማይሸሽግ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በወሎ ቢታሰብ ጀግናው ፋብሪካ የሚጠግን ልጅ፣ ጀግናይቱም ከእህል መጋዘን ደጅ ተሰልፋ ያደገች ልትሆን ትችላለች፤ ጠላቱም እንደ ሌፕካ ያለፈ ታሪክ የሌለው ሆኖ መቅረብ የለበትም። ደራሲው፣ ሠዓሊውና ተዋናዩ ይህን ለመጻፍና ለመሣል ሲቀመጡ የመጀመሪያው ተመልካቻቸው በ2014 ዓ.ም. ሕፃን የነበረው ልጅ መሆኑን ያስቡ። እርሱ አሁን እያደገ ነው፤ ጥያቄውንም የሚያቀርበው ያን ጊዜ ዐዋቂ ለነበረው ሁሉ ነው።